የባይከዳኝ ልጅ

ነጋዴው ከኩንታሉ አፍ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ዘገነ። ከቀኝ መዳፉ ወደ ግራው አንቆረቆረው፤ ከግራው ወደ ቀኙ መለሰው፤ እፍ አለበት። ገለባው በረረ፤ ነጩ ፍሬ ቀረ። ሁለት ሦስቱን አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ አላመጠ። ሻጩ አፍ አፉን ያየዋል። ነጋዴው ክፉም ደግም ሳይናገር፣ ሚዛኑ አጠገብ ለቆመው ልጅ በአገጩ ጠቆመው።

ሸሕዲ ነን። መዝገብ ላይ ገንዳ ውሃ ትባላለች፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ሹፌሩ፣ ረዳቱና ሻይ ሻጯ ግን ሸሕዲ ነው የሚሏት። ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ አይከል ላይ ጋቢ የተከናነበ መንገደኛ፣ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ቆላው ሲቀበለው ጋቢውን አጣጥፎ ከእግሩ ሥር ይከተዋል። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ዋልካ መሬት ነው፤ የዕጣን ዛፍ ነው፤ ዓይን የማይጨርሰው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነው። አስፋልቱ ቁልቁል ወደ መተማ ዮሐንስ ይወርዳል፤ እዚያ ኢትዮጵያ አልቃ የሱዳኗ ገላባት ትጀምራለች። እኔ የወረድኩት መንገዱ ክፍት በነበረ በአንድ ኅዳር ነው፤ ከተማው በሳሉግ ተጥለቅልቆ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ወጣት ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየበረንዳው ተኝቶ በነበረበት ሰሞን።

ሰሊጥ ልገዛ አልወረድኩም። በቦርሳዬ የያዝኩት የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሥራዎች ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአንድ ጥራዝ ያሳተማቸውን። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አባት የወደቀው ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው፤ ወድቆ የቀረበትን አፈር እያየሁ ላነበው ፈለግሁ። የልጅ ነገር ሊመስል ይችላል።

ሻይ ቤት አብሮኝ የተቀመጠ የታሪክ መምህር መጽሐፉን አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «እኔ ክፍል ገብቼ የቻይና አብዮት ሳስተምር ልጆቹ ያፈጡብኛል። ስለ ቻይና የሚያውቁት ሁለት ነገር ነው፤ ሰሊጣችንን ትገዛለች፣ ስልኩን ትሸጥልናለች። ‹ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው አገር አናወጡ› ብዬ ስነግራቸው እንደ ተረት ይሰሙኛል።»

«ከመተማ ጀምርላቸዋ!» አልኩት።

ሳቀ። የቀልዴን አልነበረም።

*

በ1876 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ሂዌት የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ዓድዋ ድረስ መጥቶ ከአጼ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ውል ተፈራረመ። የውሉ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ደርቡሽ የሚባሉት የመሐዲ ተከታዮች በሱዳን ተነሥተው የግብፅን ጦር ሰፈሮች ከበዋል፤ ንጉሡ የተከበበው ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ይረዱ፤ በለውጡ ግብፅ የያዘችው ቦጎስ ይመለስላቸዋል፤ በምጽዋም ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ይወጣል። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። የገላባትን ጨምሮ የተከበቡትን ሰዎች የኢትዮጵያ ጦር ሄዶ አወጣ። እንዲህ በማድረጋቸው ከደርቡሾች ጋር ተቃቃሩ። ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1877፣ እንግሊዝ እያየች፣ እሺም እያለች፣ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች።

የቀረው ሁሉ የዚያ ውል ዕዳ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ በጥር 1880 የደርቡሾቹ የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ሣር ውሃ ላይ እሳቸውን ድል ነሥቶ ጎንደር ገባና አቃጠላት። ዮሐንስ ብድሩን ሊመልሱ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በእሾህ የታጠረው የደርቡሾች ሰፈር ተጥሶ፣ ድሉ በእጅ ሊገባ ሲል፣ ንጉሡ በጥይት ተመቱ። በማግስቱ ዐረፉ። ያሸነፈው ጦር ሌሊቱን ተበተነ፤ ወደ ትግራይ ይሄድ የነበረው አስከሬን በመንገድ ተማረከና ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የጠረፉ ከተማ ስም ላይ «ዮሐንስ» የተቀጠለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀን ሙታን አንዱ ባይከዳኝ የሚባል ወታደር ነበር። ስሙን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ባይ-ከዳኝ። ጌታ ባይከዳኝ፣ ወዳጅ ባይከዳኝ፣ ዕድል ባይከዳኝ። የባዕድ ውል ያመጣው ጦርነት ላይ፣ ድል ተበልቶ ባበቃበት ሰዓት የሞተ ሰው ስም ይህ ነው። ልቦለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስም ቢያወጣ «አበዛኸው» እንለው ነበር። ዓድዋ አገር የቀረው ልጁ ገብረ ሕይወት በሐምሌ 1878 ዓ.ም. የተወለደ ነውና፣ አባቱ ሲሞት ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።

*

የቻይናዎቹም ነገር ከውል ነው የሚጀምረው፤ ሁለት ውሎች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1895ቱ የሺሞኖሴኪ ውል ነው። ቻይና ትንሽ ወንድም አድርጋ ትቆጥራት በነበረችው በጃፓን ተሸነፈች፤ ታይዋንን አስረከበች። ያን ጊዜ ለመንግሥት ፈተና ቤጂንግ የተሰበሰቡ ምሁራን ነበሩ። ካንግ ዮዌይ የሚባል ሊቅና ደቀ መዝሙሩ ሊያንግ ቺቻዎ እየመሯቸው፣ ውሉ እንዳይጸድቅ፣ መንግሥቱም እንዲታደስ የሚጠይቅ ረጅም አቤቱታ አዘጋጁ፤ ተፈታኞቹም ፈረሙበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወጣቱ ንጉሥ ጓንግሹ የካንግን ምክር ሰማ፤ ትምህርት ቤቱን፣ ፈተናውን፣ ጦሩን፣ መሥሪያ ቤቱን የሚለውጥ አዋጅ በአዋጅ ላይ ደራረበ። የቆየው 103 ቀን ብቻ ነው። እቴጌ ሲሺ ንጉሡን ግቢ ውስጥ ዘጋችበት፤ ስድስት ተሐድሶኞች አንገታቸው ተቀላ። ካንግና ሊያንግ አመለጡ፤ ሊያንግ ጃፓን ሆኖ ጋዜጣ አወጣ።

ሁለተኛው ውል የቬርሳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሂዌት ውል መንትያ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ቻይና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ወገነች፤ ወደ 140,000 የሚጠጉ የጉልበት ሠራተኞቿ አውሮፓ ሄደው ምሽግ ቆፈሩ፣ ሐዲድ ዘረጉ፣ ሬሳ ቀበሩ። በለውጡ ጀርመን ይዛው የነበረው የሻንዶንግ መብት ይመለስልናል ብለው ነበር። ፓሪስ ላይ ለጃፓን ተሰጠ። ወሬው ቤጂንግ በደረሰ በቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1919፣ በእኛ ሚያዝያ 26 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ 3,000 ያህል ተማሪዎች ቲያንአንመን አደባባይ ወጡ። ለጃፓን ያደረ ነው ያሉትን የአንድ ሚኒስትር ቤት አቃጠሉ፤ 32 ተማሪዎች ታሰሩ። በግንቦት መጨረሻ ሻንጋይ ላይ ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፤ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። መንግሥት ሦስት ሹማምንት አባረረ፤ ፓሪስ ያሉት የቻይና መልእክተኞችም ውሉን ሳይፈርሙ ቀሩ።

መምህሩ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «እኛስ? ሂዌት ሲከዳን ማን ወጣ?»

ንጉሡ ነዋ የወጡት፤ ጦራቸውን ይዘው፣ በዚህ መንገድ። አቤት የሚል ተማሪ አልነበረም፤ የሚያትም ማተሚያ ቤት አልነበረም፤ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴም አልነበረም። ክህደቱን በምድር ላይ የሚመልስ ጦር እንጂ በወረቀት ላይ የሚመልስ ሰው አልነበረንም።

*

ግን ይህን ስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ጎንደሬ አንባቢም አይለቀኝም። ሊቅ አልነበረንም እንዴ? የጎንደር ደብተራ ቻይናዊው ተፈታኝ ግጥሙን የሚሸመድደውን ያህል ቅኔ ሲቆጥር ያድር የለም? ንጉሥን መዝለፍስ እንደኛ ሊቃውንት ማን ያውቅበታል?

እውነት ነው። ልዩነቱ የአዘላለፉ ነው። የቻይና ሊቅ ከጥንት ጀምሮ ንጉሡን በጽሑፍ መገሠጽ ግዴታው ነበር፤ ስሙን ፈርሞ፣ አንገቱን አሲዞ። የኛ ሊቅ ደግሞ ተግሣጹን በወርቁ ውስጥ ቀበረው። ሰሙን ንጉሡ ይስማ፣ ወርቁን የገባው ይስቅ። «እንዲህ ማለትህ ነው?» ቢሉት «ኧረ እኔስ ስለ ቅዱሱ ነው የተናገርኩት» ይላል። ይህ ጥበብ ነው፤ አንገትም ያተርፋል። ለእንቅስቃሴ ግን አይሆንም። ሺህ ሰው አንድ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ወረቀቱ ያለው አንድ ትርጉም ብቻ ሲሆን ነው። ሁለት ትርጉም ባለው ቃል ሥር ማን ይፈርማል?

ገብረ ሕይወትን ከሁሉ በላይ የምወደው በዚህ ነው። አማርኛው ሰም የለውም። ባላገሩ ደሃ ነው፣ ወታደሩ የባላገሩን ላብ ይበላል፣ ግብሩ ልክ የለውም፣ ሕጉ አልተጻፈም ብሎ እንደ ሒሳብ ያስቀምጠዋል። ቻይናዊው ሁ ሺ እ.ኤ.አ. በ1917 «አዲስ ወጣት» በተባለው መጽሔት የሙታን ቋንቋ ይብቃ፣ ሰው በሚናገረው ቋንቋ እንጻፍ ሲል፣ ገብረ ሕይወት ያን ከጀመረ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

ወደዚያ የደረሰበት መንገድ ለማመን ይቸግራል። ልጅ ሳለ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ጀመረ። አንድ ቀን ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ መርከቡ አውሮፓ ይዞት ሄደ። ካፒቴኑ ለአንድ ባለጠጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው፤ እነሱም እንደ ልጅ አሳደጉት። በርሊን ሕክምና ተማረ። ሕክምናን የጀመረ፣ ኋላ ግን የአገሩ በሽታ ሌላ ነው ብሎ ብዕር ያነሣ ቻይናዊም አለ፤ ሉ ሹን፣ ጃፓን ሰንዳይ ከተማ ሕክምና ይማር የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው አጭር ልቦለድ የቻይናን ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ የከፈተ ሰው ነው።

የኛው ጎንደርም የራሷ ስደተኛ ልጆች ነበሯት። ይፋግ የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በምንኩሉ አልፈው በርሊን ግእዝና አማርኛ አስተምረዋል። ጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መቅደላ ላይ በእንግሊዝ ወታደር እጅ ተገኝተው ሕንድ አድገዋል፤ ሐኪም ሆነው ተመልሰዋል፤ ኋላም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መርተዋል። የቻይና ተማሪ በመንግሥት ወጪ፣ በሺዎች ተቆጥሮ ጃፓን ሲወርድ፣ የኛዎቹ አንድ አንድ እየሆኑ፣ በጦርነትና በአጋጣሚ ነበር የሚማሩት። የአገር ዕቅድ አላስተማራቸውም።

*

ገብረ ሕይወት አገሩ ሲመለስ በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ምኒልክ ሲታመሙ የግቢው ሽኩቻ ጠና፤ እሱም ወደ ሱዳን ተሰደደ። የቻይናው ሊያንግ ጃፓን እንደሄደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ካርቱም የጃፓኗ ዮኮሐማ አልነበረችም። እዚያ የሚያነብለት ብዙ ተማሪ፣ የሚያሳትምለት ብዙ ወገን አልነበረውም። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የታተመው አስመራ ነው፣ በስዊድን ሚሲዮን እጅ፣ በ1904 ዓ.ም. አካባቢ። ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ የተዘረጋ ምክር ነው። ግብሩ ይወሰን፤ የመንግሥት ገንዘብና የንጉሥ ገንዘብ ይለይ፤ ሕግ ይጻፍ፤ ትምህርት ይስፋ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገፋ። ጃፓንንም ተመልከቱ ይላል።

እዚህ ጃፓን ላይ አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። የሜጂ ሕገ መንግሥት የታወጀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1889 ነው። የመተማ ጦርነት ማርች 9 ቀን 1889። በሃያ ስድስት ቀን ልዩነት አንዱ ንጉሥ ሕገ መንግሥት ሰጠ፣ ሌላው ንጉሥ ራሱን ሰጠ። የኛዎቹ ተሐድሶኞች የሚቆጩት በዚህ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕገ መንግሥቱን ሲያዘጋጁ ከፊታቸው የነበረውም ያው የሜጂው ነበር።

የገብረ ሕይወት ትልቁ ሥራ ግን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ሰውየው የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው። ሐሳቡን በሸሕዲ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ ይገዛዋል። ገበያው ላይ ሁለቱ ዋጋቸው እኩል ነው ይባላል፤ ግን አንደኛው የሰጠው አንድ ቀን ነው፣ ሌላው ወር። እንዲህ የሚነግድ ሕዝብ ባንዲራው ቢሰቀልም ለሌላው የሚሠራ ነው። ባቡር ብቻውን አያድንም፤ ዕውቀት ከሌለ ባቡሩ የሸማኔውን ገበያ የሚበላውን ጨርቅ ነው ይዞ የሚመጣው። ይህን ያለው ኢኮኖሚስቶች «የልማት ጥናት» የሚባል ዘርፍ ሳያቋቁሙ ብዙ ዐሥርት ዓመት ቀድሞ ነው።

ታትሞ አላየውም። በሰኔ 1911 ዓ.ም.፣ ቻይናዎቹ ቬርሳይ ላይ አንፈርምም ባሉበት በዚያው ወር፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ።

*

«ታዲያ ለምን አልያዘም?» አለ መምህሩ። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ፤ ብርጭቆውን ግማሽ ስኳር ሞላው፤ ቆላ እንዲህ ነው የሚጠጣው።

የምሁር ሐሳብ የሚይዘው ሦስት ነገር አግኝቶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢ፣ መሰብሰቢያ፣ የሚያኮርፍ ነጋዴ። ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የመራው ሳይ ዩዋንፔይ ወግ አጥባቂውንም አብዮተኛውንም በአንድ ግቢ ሰበሰበ። «አዲስ ወጣት»ን ያቋቋመው ቼን ዱሽዩ እዚያ ዲን ሆነ። ሊ ዳጃው ቤተ መጻሕፍቱን ይዞ ነበር፤ በወር 8 ዩዋን እየተከፈለው ጋዜጣ የሚያስተካክል ማኦ የሚባል የገጠር ልጅም ከሥሩ ይሠራ ነበር። የኛው ገብረ ሕይወት ሲሞት አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ልታይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። አንባቢው አንድ ነው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ። አንድ አንባቢ ያለው ተሐድሶ ደግሞ አንባቢው በፈለገበት ገጽ ላይ ይዘጋል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን ስናገር የሚቆጣኝ አላጣም። ቻይናዎቹ የነቁት ተሸንፈው ነው። እኛ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አሸነፍን። ላሸነፈ ሰው «ኋላ ቀርተሃል» ማለት ከባድ ነው። ገብረ ሕይወት ሊለው የቻለው ከዓድዋ ሳይሆን ከመተማ በኩል ስለመጣ ይመስለኛል፤ ድል እንዴት በአንድ ጥይት አፈር እንደሚሆን ከጡት ጋር የተጋተ ልጅ ነበር።

የተረፈውን ክር ደግሞ ጣሊያን በጠሰው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የተማረውን ወጣት እያስለቀመ አስገደለ። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት የገቡት ልጆች አባት አልነበራቸውም፤ የሐሳብ አባት ማለቴ ነው። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ፓርላማ ደጃፍ ሲወጡ፣ በነሐሴ 1961 ሰባት ተማሪዎች ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ሲያሳርፉ፣ በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኰንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ሲጽፍ፣ በወሩም የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በጥይት ሲወድቅ፣ በኪሳቸው የነበረው ሌኒንና ማኦ እንጂ የድሬዳዋው ነጋድራስ አልነበረም። የቻይና ነገር የደረሰን ጫፉ ነው፤ ከሚያዝያ 26 ጀምሮ የነበረው ክርክር፣ መጽሔቱ፣ ሙግቱ ቀርቶ ጠመንጃው። ጃንሆይም በበኩላቸው በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ማኦን ጨበጡ። ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ገብረ ሕይወት በተማረባት በርሊን፣ ኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ተመሠረተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ይህ ቆላ ያውቀዋል። በ1969 ዓ.ም. ደርግን በጦር የተቃወመው ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ያዘ፤ ደርግ መልሶ ነጠቀ። ቀይ ሽብር ከከተማ ያባረረው ወጣት፣ ከአሲምባ ተራራ የተገፋው የኢሕአፓ ሠራዊት፣ ሁሉም በጎንደር ቆላ አለፈ፤ የቀናው ገዳሪፍ ደርሶ የስደተኛ ካርድ ተቀበለ። ማርክስን በእንግሊዝኛ ያነበበ ልጅ የጓንግን ወንዝ በዋና አቋርጦ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ማሽላ አጨደ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ። ካርቱም በመድፍ ስትታረስ፣ ሱዳኖች በአሥር ሺዎች በመተማ ወደ እኛ ገቡ። ከሻንጣ ጋር የመጣም ነበር፣ ነጠላ ጫማውን ብቻ ይዞ የመጣም።

«አንዱ መተማ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየሁት፣» አለኝ መምህሩ፤ «እንደኔው አስተማሪ ነኝ አለ። አንድ ሻይ ገዛሁለት። ከዚያ ምን እንደምለው ጠፋኝ።»

*

ሲመሽ ወደ ሚዛኑ ተመለስኩ። ሙቀቱ ትንሽ ተንፈስ ብሏል። ኩንታሉ ተሰፍቶ በላይ በላዩ ተደራርቧል፤ ወደ ምርት ገበያው መጋዘን የሚሄደው ተለይቷል። ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ አብዛኛው ቻይና። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በደረሰ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሳሉግ በዚህ ዋልካ ጎንበስ ብሎ የሚውለው፣ ማታም በባትሪ የሚያጭደው ለዚህ ነው።

ከሳሉጎቹ አንዱ ከኩንታሉ ጥግ ተደግፎ ስልኩን እያበራ ያጠፋል። ከበለሳ ነው የመጣው። አዲስ ቴክኖ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።

«ይህቺን የስንት ቀን አጨዳ ነው የገዛሃት?» አልኩት።

በጣቱ ቆጠረ። አንዱ እጁ አለቀ፤ ሌላው እጁ አለቀ፤ ወደ እግሩ አየና ተወው። «አንቱ ደግሞ፣ ለምን ያስቆጥሩኛል?»

«እዚያ ቻይና የምትሠራዋ ልጅ ስንት ቀን የፈጀባት ይመስልሃል?»

«አንድ ቀንም አይፈጅባት። በማሽን አይደል?»

መጽሐፉን አውጥቼ አሳየሁት። ይህን ነገር፣ ያንተን ሒሳብ፣ አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎታል አልኩት፤ አባቱ እዚህ መተማ ከዮሐንስ ጋር የሞተ። ልጁ የሽፋኑን ጽሑፍ ፊደል በፊደል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«ገብረ ሕይወት... ባይከዳኝ።» ደገመው። «ባይከዳኝ!» ከዚያ የሚዛኑን ብረት ወደሚያስተካክለው ልጅ ዞሮ፣ ጓደኞቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «መልካም ስም ነው ጋሼ፤ እኔም ነገ ልጅ ብወልድ እሱን ነው የማወጣለት፤ ሚዛኑ ባይከዳኝ!»

ሳሉጎቹ ሳቁ። የሚዛኑ ልጅ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።